ሳይሞላ የወጣው መኪና

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ተራ ቀረ!

ጠዋት መናኸሪያው መሀል የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ሰውዬ ድምፅ ማጉያ ይዞ ሲናገር መጀመሪያ ስለ ጽዳት የሚያወራ መስሎኝ ችላ ብዬው ነበር። "የእንጅባራ ጫግኒ መስመር" ሲል ግን ጆሮዬ ቆመ። ከነገ ጀምሮ መስመሩ የእኛ ማኅበር ብቻ አይደለም። ሌላ ማኅበር ገብቷል። ታሪፉ ያው ነው፤ ተሳፋሪው ግን ደስ ባለው መኪና ይሄዳል። "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል" ብሎም ተረተልን። እኔ የምትሰበረዋ ባላ እንዳልሆን ነው የፈራሁት።

እስከ ዛሬ እንዴት ነበር የምንኖረው? መኪና ተራዋ ሲደርስ ትቀርባለች፣ ትሞላለች፣ ትወጣለች። ሹፌሩ ቢያንቀላፋም ትሞላለች። ወንበሩ ቢቀደድም ትሞላለች። ተሳፋሪው ሌላ ምን ምርጫ አለው? ይሰድበናል፣ ከዚያ ይሳፈራል። እንዳልዋሽ፣ ለእኛ ሸጋ ኑሮ ነበር።

ያለችኝ አንዲት ሚኒባስ ናት። የጨርቅ ሱቄን ሸጬ ነው የገዛኋት። ስሟን ዳማ ያላት ሹፌሬ ስማቸው ነው፣ በአባቱ ፈረስ ስም። ዳማ ቀላ ያለ ፈረስ ነው፣ የእኔዋ ነጭ ናት ስለው "አመሏ የዳማ ነው፣ እትዬ" አለኝ። እውነቱን ነው፤ በሯ ረዳታችን ባንቺ በጉልበቷ ካልገፋችው አይዘጋም። በዚህ መስመር ሴት ረዳት እሷ ብቻ ናት፤ ድምጿ ግን ያለ ማጉያ ከዚያ ሰውዬ ይበልጣል።

የአዲሱ ማኅበር መኪኖች ዛሬውኑ ገብተው አየኋቸው። መጋረጃ አላቸው። ዘፈናቸው ከግቢው ውጭ ይሰማል። ሊቀመንበራቸው ምንይችል የአዲስ ቅዳሙ የከሰል ነጋዴ ነው፤ "ወይዘሮ እንጉዳይ እንደምን አደሩ" ብሎ እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ። ጭራሽ ትሑት! ቢኮራብኝ ይሻለኝ ነበር።

ዳማ ካልሠራች መሸጥ ነው። እሷ ከተሸጠች ስማቸውም ባንቺም ቤታቸው ይገባሉ፤ እኔም ጫግኒ ያገባች ልጄ እጅ ላይ እወድቃለሁ። ልጄ ደግ ናት፣ ግን የልጅ ደግነት ሲበላ ይተናነቃል።

ወንድሜ ይሁኔ ለዓመት ፈቃዱ እኔ ቤት ነው ያረፈው። ድሬዳዋ ባቡር ላይ ነው የሚሠራው። ራት ላይ ነገሩን ስነግረው ሳቀብኝ። "እታለም፣ በእኛም ይኸው እየመጣ ነው" አለኝ። ሐዲዱ የመንግሥት ሆኖ ይቆይና ባቡሩን ግን የግል ድርጅትም እንዲነዳበት ሊፈቀድ ነው ይባላል። አንድ ሐዲድ ላይ የሁለት ሰው ባቡር! መተላለፊያው የት ነው ስለው "በሰዓት ነዋ! ሰዓት ያልያዘ ባቡር ሐዲድ አይሰጠውም" አለኝ።

ጥሩ ነው፣ ሕዝቡ ይጠቀማል እያለ ጥፍሩን ሲበላ አየሁት። ለካ የእሱም ክፍል ለሁለት ሊከፈል ነው። ከሐዲዱ ጋር መቅረት፣ አለዚያም ከባቡሩ ጋር ውድድሩ ውስጥ መግባት፤ ሲመለስ ምረጥ ይሉታል። ይኼ ሁሉ ሳቅ ለእኔ ውድድር ነው ማለት ነው፤ ለራሱ ሲሆን ጥፍር ያስበላል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ወይ ጉድ! ምን ዓይነት ቀን ነው።

ምንይችል አሟሟቂ አስገባ። የእኛ አገር ሰው ባዶ መኪና ውስጥ ቀድሞ አይገባም። ብቻውን መቀመጥ የሚያስቀጣ ይመስለዋል። ሁለት ወንበር የቀራት መኪና ካየ ግን ሻንጣውን ተሸክሞ ይሮጣል። ስለዚህ ተሳፋሪ መስለው የሚቀመጡ ሰዎች ይደረደራሉ። እውነተኛው ተሳፋሪ ሲገባ አንዱ ስልኬን ረሳሁ ይላል፣ አንዷ ሆዴን ቆረጠኝ ትላለች፣ ሌላው ምንም ሳይል ይወርዳል። ተራ እያለ እንዲህ ያለ ነገር ማን ያስፈልገው ነበር!

ሰው ሁሉ ወደ ምንይችል መኪና ሲግተለተል የእኛ ማኅበር ሰዎችም ተናደዱና አሟሟቂ ጠሩ። እኔንም ጠየቁኝ። እንቢ አላልኩም። ዳማ ውስጥ ሰው ሲሞላ ባየሁ ጊዜ፣ አሟሟቂ መሆናቸውን እያወቅሁ እንኳ ደስ አለኝ። ይኼንን ምን ይሉታል?

ችግሩ መናኸሪያ ውስጥ ሥራ ፈቶ የሚውለው ሰው ያው አንድ ነው። አረንጓዴ ጃኬት የለበሰውን ረጅም ሰውዬ ጠዋት በምንይችል መኪና መስኮት በኩል አይቼዋለሁ፤ ኋላ ዳማ ውስጥ ጋቢ ደርቦ ተቀምጧል። ጋቢው የማን እንደሆነ እንጃ።

ረፋዱ ላይ ሁለቱም መኪኖች ጢም አሉ። ሁለቱም ሞተር አስነስተዋል። ማንም አይወጣም። እነሱ የእኛን ይጠብቃሉ፣ እኛ የእነሱን። ዳማ ውስጥ የነበሩት እውነተኛ ተሳፋሪ አንድ ብቻ ነበሩ፤ ከዘንገና በኩል የመጡ አሮጊት፣ ቅርጫታቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደረጉ። እሳቸው ሹፌሬን ስማቸውን በአዊኛ አንድ ነገር ሲሉት ፊቱ ቀላ። ኋላ ምን አሉህ ብዬ ጠየቅሁት። "ልጄ፣ ይኼ መኪና ነው ወይስ ሰንበቴ? ሰው ሁሉ ተቀምጦ ይጫወታል፣ የሚሄድ የለም" ነው ያሉት።

ስማቸው ማርሽ አስገባና ወጣ! አሟሟቂዎቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ። "አውርደን! ጫግኒ ሄደን ምን እንበላለን!" ባንቺ ደግሞ በሩን በጉልበቷ ዘግታ "ሒሳብ አዘጋጁ!" ትላለች። የምንይችል ሹፌር እኛ በእውነተኛ ተሳፋሪ የወጣን መስሎት ተቀደምኩ ብሎ እሱም ተከተለ። የእሱም ሙሉ አሟሟቂ ነው! ስማቸው ከከተማው ዳርቻ ሲያወርዳቸው ያኛውም ከኋላው ቆሞ አወረደ። የሁለቱ ማኅበር አሟሟቂዎች አብረው በእግራቸው ወደ መናኸሪያ ሲመለሱ ባለ አረንጓዴ ጃኬቱ ከፊት ከፊት ይመራል። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ስማቸው ግን እማማን ብቻቸውን ይዞ ጫግኒ ድረስ ሄደ። የነዳጁን ወጪ ባሰብኩ ጊዜ ሳቄ ሄደ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ቤቴ ውስጥ ዛሬ ጉባኤ ነበር። ይሁኔ፣ ስማቸው፣ ባንቺ፣ እኔ።

ይሁኔ የሚለው እንዲህ ነው። አሟሟቂ ይቅር። ዳማ ከእንጅባራ አንድ ሰዓት ላይ ትውጣ፣ ከጫግኒ አምስት ሰዓት ላይ ትመለስ። በየቀኑ። ሞላም አልሞላም።

"አልሞላም" ሲል ስማቸው ከወንበሩ ተነሳ። ባዶ መኪና መንዳት ነውር ነው አለ። ሰው ሲያየኝ ምን ይላል? ስማቸውን ሰው ጠልቶት ነው ይላል! ይሁኔ ባቡር እንኳ ባዶውን ይሄዳል አለው። ስማቸው መለሰ፣ "የባቡር ነጂ ዘመድ አያየውም። እኔን ከዚህ እስከ ጫግኒ በየዛፉ ሥር የሚያውቀኝ ሰው አለ።"

ሁለቱም ግማሽ እውነት አላቸው፣ እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት። ወንድሜ ባቡር እንጂ መኪና አያውቅም፤ ባቡር ቢከስር ከደመወዙ አይቆረጥበትም። ስማቸው ደግሞ መኪና ያውቃል፣ ግን የሚያውቀው የትናንቱን መኪና ነው። ይኼንኑ ስነግራቸው ሁለቱም አኮረፉኝ። ባንቺ ብቻ ሳቀች። "እትዬ፣ እኔ ጫግኒ ጫግኒ ከምል አንድ ሰዓት አንድ ሰዓት ብል ጉሮሮዬም ለውጥ ያገኛል" አለች።

እስከ ቅበላ እንሞክር አልኩ። እሁድ ቅበላ ነው፣ ሰኞ ጾሙ ይገባል። እስከዚያ ካልሆነ ዳማን ገዥ እፈልግላታለሁ። ይኼን ስል ይሁኔ አንገቱን ደፋ።

ሲወጡ ስማቸው በር ላይ ቆመና ኮፍያውን አወለቀ። ምንይችል ጠርቶት ነበር። አዲስ መኪና፣ መጋረጃ ያላት፣ የተሻለ ደመወዝ። "ሳልነግርዎ ባስበው ሌባ እመስላለሁ ብዬ ነው" አለኝ። ሂድም አላልኩት፣ አትሂድም አላልኩት። በሩን ዘግቼ ግን አለቀስኩ። ስማቸው ከሄደ ዳማን ማን ይነዳታል? አመሏን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ራሴ አብሬ ሄድኩ። ዓይኔ ካላየ ሆዴ አያምንም።

ጉም ነበር። ባንቺ መኪናዋ በር ላይ ቆማ ትጮኻለች፣ "ጫግኒ በአንድ ሰዓት! ሞላም አልሞላም!" ሰው ይስቃል። አንዱ "ሳይሞላ ትወጣለች? እናንተ ሰዎች ምን ነካችሁ?" አለን። ሌላው ገብቶ ተቀመጠና ባዶነቱን ሲያይ ወረደ። የማክሰኞዋን እማማ እግዜር ያመጣልን እንደሆነ ብዬ በዓይኔ ፈለግሁ፤ የሉም።

አንድ ሰዓት ሆነ። ውስጥ ያለነው አንድ ነርስ፣ አንድ አስተማሪ፣ ሁለት የበርበሬ ነጋዴዎች፣ እኔ። ስማቸው በመስታወት አየኝ። ራሴን ነቀነቅሁለት። ማርሽ አስገባ።

በመናኸሪያው በር ላይ የምንይችል ሹፌሮችና ረዳቶች አጨበጨቡልን። በሽሙጥ ነው እንጂ በደግ አይደለም። ከኋላችን ደግሞ አንድ ሰውዬ ሻንጣ ተሸክሞ እየሮጠ "ቁሙ! ምናለ ትንሽ ብትቆሙ!" ብሎ ረገመን። ስማቸው አልቆመም፤ ትከሻው ላይ ግን እርግማኑ እንደ ዝናብ ሲወርድበት ይታይ ነበር።

ከዚያ ከከተማ እንደወጣን የሆነውን ልጻፍ።

መንገድ ዳር አንድ ገበሬ እጁን አነሳ። ሁልጊዜም እጅ የሚያነሳ አለ። ከመናኸሪያ ሞልተሽ ስትወጪ አታዪውም፤ ብታዪውም ምን ታደርጊለታለሽ? ዛሬ ግን ቦታ ነበረን። ስማቸው ቆመ። ሰውዬው አላመነም፤ ለሌላ ሰው የቆምን መስሎት ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ባንቺ "አንተን ነው! ግባ!" አለችው። ሊሸኘው የመጣው ወንድሙ ፈረሱን ይዞለት ተመለሰ።

ቀጥሎ ከቀርከሃው በታች ሁለት ሴቶች። ቀጥሎ የታመመ ልጅ ያዘለች እናት፣ ጫግኒ ሐኪም ቤት የምትሄድ። ከነጋ ጀምራ ቆማ ነበር፤ መኪኖቹ ሁሉ ሞልተው ያልፏታል። ነርሷ ልጁን ተቀብላ አቀፈችላት። ስማቸው በአዊኛ ከሁሉም ጋር ያወራል፣ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ አማች። ቆላው ሲቀርብና ሰው ጋቢውን ማውለቅ ሲጀምር ዞር ብዬ አየሁ። ባዶ ወንበር የለም!

ስማቸው ጫግኒ ሲደርስ ከመኪናው አልወረደም። መሪውን ይዞ ተቀመጠ። "እትዬ፣ እነዚህን ሰዎች ስንት ዘመን ነው እያየሁ ያለፍኳቸው" አለኝ። እኔም የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ አብሬው አልፌያቸዋለሁ።

የመልሱ ጉዞ ግን ደካማ ነበር፣ ግማሽም አልሞላም። ቶሎ ደስ እንዳይለኝ ብዬ ይኼንንም ጻፍኩት።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ኅዳር ሲታጠን የተቃጠለው የቆሻሻ ጭስ ከተማውን ሞልቶታል፤ ከቅዳሴ ስመለስ ዓይኔ ቀልቶ ሰው ያለቀስኩ መሰለው። አላለቀስኩም፣ ዛሬስ ስቄ ነው የዋልኩት።

እኔ ቤተ ክርስቲያን ሳለሁ የሆነውን ባንቺ ነገረችኝ፤ ሁለት ሦስቴ አስደገምኳት። በበዓሉ ምክንያት ተሳፋሪ በዝቶ ዳማ ገና አንድ ሰዓት ሳይሆን ሞላች። የመጨረሻው ወንበር ሲያዝ ስማቸው በልማዱ ሞተር አስነሳ። ባንቺ ከመኪናው ፊት ሄዳ ቆመች! ገና ነው ብላ።

ተሳፋሪው ጮኸ። "ሞልቷል እኮ! ምን ይጠበቃል?"

"ሰዓቱ!" አለች።

"ትናንት ሳይሞላ ወጣችሁ፣ ዛሬ ሞልቶ አትወጡም፤ እብዶች ናችሁ እንዴ?"

ስማቸውም ከመስኮት ብቅ ብሎ ባንቺ ተይ እንጂ አላት። እሷ ደግሞ መንገድ ዳር ለሚቆሙት ትናንት የነገርናቸው ሰዓት ነው፤ ቀድመን ካለፍን ነገ አይወጡም አለችው። ሞልተናል፣ ለማን ነው የምንቆመው ቢላት ባይሳፈሩም ማለፋችንን ይዩ አለችው። በመጨረሻ ስማቸው ሞተሩን አጠፋ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ብሎም ራሱን ተረተበት። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ሰዓቱን ይጠብቅ ጀመር። አንዱ ሰዓት ነጋሪ ሆኖ "ትንሽ ቀረ!" እያለ ሲጮህ ሌላው ሳቀ፤ በኋላ ሁሉም ሲስቅ ነው አሉ የወጡት።

መንገድ ላይ ደግሞ ያ የሐሙሱ ገበሬ ቆሞ ነበር። ሊሳፈር አይደለም። ዳማ ስታልፍ እጁን አነሳና ፈረሱን እየነዳ ወደ እርሻው ተመለሰ። ለካ ማለፏን ሊያረጋግጥ ነው የወጣው። ለነገ።

ባንቺን አቅፌ ሳምኳት። ጉንጯ ጭስ ጭስ ይላል።

ይሁኔ ግን ዛሬም ጥፍሩን ይበላል። ከሥራ ቦታው ተደውሎለት ነበር፤ ስትመለስ ውሳኔህን ይዘህ ና ተብሏል። ለእኔ በደቂቃ የፈረደ ሰው ለራሱ አራት ቀን አልበቃውም። ልተርትበት ፈለግሁና ፊቱን አይቼ ተውኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዛሬ የሆኑ ነገሮች፦

ዳማ በሰዓቷ ወጣች። ከመናኸሪያ ከግማሽ በላይ ሞልታ። የቀረውን መንገዱ ሞላው።

መልሱም ሞላ! የጫግኒ ነጋዴዎች አምስት ሰዓት የሚወጣ መኪና አለ ሲባል ሰምተው ቁጭ ብለው ጠበቁ። አንዷ ነጋዴ ለባንቺ ማንጎ ሰጠቻት፤ ባንቺ ለእኔ አመጣችልኝ።

በሩ ግን አሁንም አልተሠራም።

ከሰዓት በኋላ ምንይችል ቤቴ መጣ። የመጣበትን ሳይናገር ስለ ጉሙ፣ ስለ ድንቹ ዋጋ፣ ለከሰል ስለሚተከለው የዲከረንስ ችግኝ አወራ። ቡና እየቀዳሁ ሰማሁት፤ ሰው ሲያፍር ደስ ይለኛል። በመጨረሻ ወጣለት። ሠራተኞቹ በአሟሟቂ ተሰላችተዋል። አሟሟቂዎቹም አድመዋል፤ ባለ አረንጓዴ ጃኬቱ መሪያቸው ሆኖ ቀኑን ሙሉ ለመቀመጥ ወገባችን አልቻለም ብለዋል። ሳቄን ለመዋጥ አቀርቅሬ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

"እርስዎ አንድ ሰዓትን ከያዙ እኔ ሁለት ሰዓትን ልያዝ" አለኝ። "ያመለጠው ሰው እኔን ያገኛል፣ የቸኮለው እርስዎን።"

መጀመሪያ ልቤ እንቢ በይው አለኝ። የእኔን ሐሳብ ሰርቆ እኔኑ ያስፈቅደኛል! ሐሳቡም የእኔ እንዳልሆነ ትዝ አለኝና ተረጋጋሁ፤ የባቡር ነው። ያዘው፣ ግን ሁለት ሰዓት ካልክ ሁለት ሰዓት ይሁን፤ በእኔ ሰዓት ላይ ቀድመህ ሰው እንዳትለቅም አልኩት። ካልደፈረሰ አይጠራም ብሎ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ዛሬ አልከፋኝም። ሰውዬው ለካ ልማዱ ነው።

ሹፌሬንስ ልል ነበር፣ ቀደመኝ። ስማቸው እንቢ ብሎታል። ምን ብሎ? "የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ።" ስማቸው ይኼንን ለእኔ አልነገረኝም፤ ከተፎካካሪዬ አፍ ሰማሁት። ምንይችል ሲወጣ ለመንገዱ ድንች ሰጠሁት። ምን ልስጠው ታዲያ፣ ደስታ ሲበዛ ሰው ባዶ እጁን አይሸኝም።

እሁድ፣ ኅዳር 14

ጫግኒ፣ ልጄ ቤት ሆኜ ነው የምጽፈው። የቅበላው ሥጋ እስካሁን ሆዴ ውስጥ ነው።

ጠዋት ይሁኔን ለመሸኘት ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ገባን። የአዲስ አበባው አውቶቡስ አልወጣም፣ አንድ ሰው እየጠበቀ ነው ተባለ። አንድ ሰው! ይሁኔ አየኝ፣ አየሁት፣ ሳቅን።

ምን ወሰንክ አልኩት። የነጠላዬን ጫፍ ይዞ እንደ ልጅነቱ ይጠቀልላል። ሐዲዱ ጋ ከቀረሁ ማንም አይነካኝም አለ። ባቡሩ ጋ ከሄድኩ ግን ምን እንደሚሆን አላውቅም። ቆየና "ባቡሩን ሳልሞክረው አልቀርም፣ እታለም" አለ።

"ሳይሞላም ቢሆን?"

"ሳይሞላም ቢሆን።"

አቀፍኩት፣ ሳምኩት፣ መከርኩት፣ እንደገና ሳምኩት። ልብስህን ደርብ፣ ደውል፣ ሚስት አግባ። አውቶቡሱ ወጣ። እንባዬን ጠርጌ ዞር ስል ዳማ በመናኸሪያው በር እየወጣች ነው! እኔ እኮ በእሷ ነው ጫግኒ የምሄደው! ለልጄ የያዝኩት ቅቤ እጄ ላይ ነው! ነጠላዬን ሰብስቤ ሮጥኩ። "ስማቸው! ባንቺ! እኔ ነኝ!" ባንቺ በመስኮት አየችኝ፣ በዓይኔ አይቻታለሁ። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ዳማ ታጠፈችና ሄደች።

የራሴ መኪና! በሱቄ የገዛኋት መኪና!

ለትንሽ ጊዜ ደሜ ፈላ። ስማቸውን አባርራለሁ፣ ባንቺንም፣ በሩንም አላሠራም አልኩ። ሰው ቆሞ ያየኛል። ከዚያ ሐሙስ ለት ሻንጣ ተሸክሞ ሲሮጥ የረገመን ሰውዬ ትዝ አለኝና በመናኸሪያው መሀል ብቻዬን መሳቅ ጀመርኩ።

የምንይችል መኪና ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ይመቻል፣ አልዋሽም። አጠገቤ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ባለ አረንጓዴ ጃኬቱ! ዛሬ እውነተኛ ተሳፋሪ ነው፣ እናቱ ጋ ለቅበላ ይሄዳል። እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝና ጠጋ ብሎ "እናቴ፣ እኛ እኮ ሥራውን ትተነዋል፤ እርስዎን ስንት ብለው አስቀመጡዎት?" አለኝ። አሟሟቂ መሰልኩት! የዳማ ባለቤት ነኝ፣ መኪናዬ ጥላኝ ሄዳ ነው ስለው አላመነም። ሹፌሩ መሰከረልኝ። መኪናው በሙሉ በሳቅ ተንከተከተ፣ እኔንም ጨምሮ። ደግሞም ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ወጡ። ሙሉ አልነበሩም፤ የቀራቸውን ወንበር መንገድ ዳር ያለው ሰው ሞላላቸው።

ጫግኒ ስደርስ ስማቸው ዳማን ተደግፎ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል። ባንቺ ከኋላው ተደብቃለች። ከምንይችል መኪና ስወርድ ሲያየኝ የባሰ ደነገጠ።

"እትዬ፣ በመስታወት አይቼዎት ነበር" አለኝ። "እግሬ ፍሬኑ ላይ ሄዶም ነበር። ከዚያ ሰዎቹ ትዝ አሉኝ፣ በየመንገዱ የቆሙት።"

ላስጨንቀው ፈልጌ ነበር፣ አልቻልኩም።

"ብትቆምልኝ ኖሮ ነበር የምቆጣህ" አልኩት።

እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ባንቺም ብቅ አለችና ለተፎካካሪ መክፈሌን እየደጋገመች ተረበችኝ።

ነገ ጾም ይገባል። በጾም መንገደኛ ይቀንሳል፤ ዳማ ግማሿን ይዛ የምትመላለስበት ቀን ይኖራል፣ ፍራቻዬ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። ገዥ ግን አልፈልግም። በሩን ነው የማሠራው።

የምመለሰው በነገው የአምስት ሰዓት መኪና ነው። ልጄ ምሳ በልተሽ ትሄጃለሽ አለችኝ። አይሆንም አልኳት፤ ቀደም ብዬ መናኸሪያ መገኘት አለብኝ። የራሴ መኪና እንደሆነች አትጠብቀኝም።